ሰማያዊው ብርሃን እንዴት ተገኘ

ታሪክ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን የነገሥታት ዘመንና የጦርነት ወሬ ነው። በአራት ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችን ስለ ዐድዋ ድል፣ ስለ ናፖሌዎንና ስለ ሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ተምረናል፤ መማራችንም የተገባ ነው። ነገር ግን የሰውን ልጅ ኑሮ የለወጠ ሁሉ ዘውድ የደፋ ወይም ሰይፍ የታጠቀ አይደለም። አንዳንዱ በጠባብ ክፍል ውስጥ ምድጃ ሲያነድ፣ ሲሳሳትና እንደገና ሲያነድ ዕድሜውን ያሳለፈ ሰው ነው። ስለዚህ በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ለክቡራን አንባብያን የምናቀርበው የአንድ ክሪስታል ታሪክ ነው። ስሙም ጋሊየም ናይትራይድ ይባላል። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ይህን አርእስት የመረጥነው በአንድ ሌሊት ምክንያት ነው። ባለፈው ዓመት በፈተና ሰሞን መብራት ጠፋ። መጽሐፋችንን ዘግተን ልንተኛ ስንነሣ፣ አንዱ ጓደኛችን ከአገር ቤት ያመጣትን በፀሐይ የምትሞላ ትንሽ ፋኖስ አውጥቶ በጠረጴዛው መካከል አኖራት። ዐሥራ አንድ ሆነን በዙሪያዋ ተቀምጠን እስከ እኩለ ሌሊት አነበብን። ጓደኛችንም ፋኖሷ ሳትገዛ በፊት በቤታቸው የሚያበሩት ኩራዝ እንደ ነበረ፣ ጭሱም የእናቱን ዐይን እያስለቀሰ ጣራውን ያጠቁር እንደ ነበረ አጫወተን።

በማግስቱ የፊዚክስ መምህራችንን ስለ ፋኖሷ ጠየቅናቸው። እርሳቸውም በቃል ከመመለስ ይልቅ አንድ የተበላሸ አምፑል አምጥተው በካቻቪቴ ፈቱልን። በውስጡ ከምስር ፍሬ የማይበልጡ ቢጫ ነጥቦች በረድፍ ተለጥፈው አየን። «መብራቱ ነጭ ሆኖ ሳለ ነጥቦቹ ስለ ምን ቢጫ ሆኑ?» አልናቸው። «ከቢጫው በታች ሰማያዊ አለ፤ ነጩ ከሁለቱ የሚወለድ ነው። የሰማያዊውን ታሪክ ግን እናንተው ፈልጋችሁ አምጡልኝ» አሉን። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ለመምህራችን የምናቀርበው መልስ ነው።

ከታሪኩ በፊት ስለ ነገሩ አሠራር ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ሴሚኮንዳክተር ማለት እንደ መዳብ ኤሌክትሪክን በነፃ የማያሳልፍ፣ እንደ ብርጭቆም ፈጽሞ የማይከለክል ነገር ነው። ጥቂት ባዕድ አቶሞች ሲጨመሩበት ጠባዩ ይለወጣል፤ በአንዱ ወገን ኤሌክትሮን ይተርፍበታል፣ በሌላው ወገን ኤሌክትሮን ይጎድልበታል። ሁለቱ ወገኖች ተጋጥመው ኤሌክትሪክ ሲለቀቅባቸው የተረፈው ኤሌክትሮን ወደ ጎደለው ስፍራ ይወድቃል፤ በመውደቁም የያዘው ኀይል ብርሃን ሆኖ ይወጣል። ኤል ኢ ዲ የሚባለው መብራት ይኸው ነው። የብርሃኑ ቀለም የሚወሰነው በአወዳደቁ ከፍታ ነው። ከዝቅተኛ ስፍራ የወደቀ ቀይ ይሰጣል፤ ሰማያዊ ግን ከፍ ያለ አወዳደቅ ይፈልጋል። በሲሊኮን ውስጥ ይህ ከፍታ 1.1 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ሲሆን፣ በጋሊየም ናይትራይድ ግን 3.4 ነው። ይህ ከሰማያዊም አልፎ ዐይን ወደማያየው ብርሃን ይደርሳል፤ ኢንዲየም የሚባል ብረት ጥቂት ሲቀላቀልበት ወደ ሰማያዊው ዝቅ ይላል።

ጋሊየም ራሱ ከመገኘቱ በፊት የተነገረለት ንጥረ ነገር ነው። ሩስያዊው ሊቅ ሜንዴሌዬቭ በ1871 በሠንጠረዡ ላይ ባዶ ስፍራ ትቶ ጠባዩን አስቀድሞ ጻፈ፤ ከአራት ዓመት በኋላ በ1875 ፈረንሳዊው ሌኮክ ደ ቧቦድራን አገኘው። በ30 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀልጥ በሰው መዳፍ ላይ እንኳ ውሃ ይሆናል። ይህ ለስላሳ ብረት ከናይትሮጅን ጋር ሲጋባ ግን ጠንካራና ሙቀትን የሚችል ነገር ይወጣዋል። በ1932 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ጆንሰን፣ ፓርሰንስና ክሩ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች በጋለ ጋሊየም ላይ የአሞንያ ጋዝ በማሳለፍ ጋሊየም ናይትራይድን ሠሩ። ያገኙት ግን ዱቄት ስለ ነበረ ለኤሌክትሪክ ሥራ የሚሆን አልነበረም።

ከድንጋይ ብርሃን የማውጣቱም ነገር የቆየ ነው። በ1907 እንግሊዛዊው ሄንሪ ራውንድ በሲሊኮን ካርባይድ ላይ ኤሌክትሪክ ሲያሳልፍ ድንጋዩ ሲያበራ አይቶ አጭር ማስታወሻ ጻፈ። ከእርሱም በኋላ በሩስያ ኦሌግ ሎሴቭ ይህንኑ በ1920ዎቹ በትጋት መረመረ፤ ነገር ግን በ1942 በሌኒንግራድ ከበባ ጊዜ በረኀብ ሞተ። በዐይን የሚታይ ቀይ ብርሃን የሚሰጥ ለሥራ የሚበቃ ኤል ኢ ዲ በ1962 በአሜሪካ በኒክ ሆሎኒያክ እጅ ተሠራ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አረንጓዴው ተከተለ። ነጭ ብርሃን ለማግኘት ግን ሰማያዊ የግድ ነው፤ ሰማያዊውም ሠላሳ ዓመት ያህል ሳይገኝ ቀረ።

ሳይሞከር ቀርቶ አልነበረም። በአሜሪካ አር ሲ ኤ የተባለው ኩባንያ እንደ ሥዕል በግድግዳ ላይ የሚሰቀል ስስ ቴሌቪዥን ለመሥራት ዐስቦ ነበር። ለዚህም ሰማያዊ ብርሃን ስለሚያስፈልገው የክፍሉ ኀላፊ ጄምስ ቲትየን ሥራውን ኸርበርት ማሩስካ ለተባለ ወጣት ሰጠው። ማሩስካም በ1969 ጋሊየም ናይትራይድን በሰንፔር ላይ እንደ ስስ ቅብ አድርጎ በአንድ ወጥ ክሪስታል አሳደገ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ዣክ ፓንኮቭና ባልደረቦቹ ብርሃን አወጡበት። በ1972 ደግሞ ማሩስካና ጓደኞቹ ማግኒዥየም ጨምረውበት ሰማያዊና ሐምራዊ ብርሃን አዩ። ብርሃኑ ግን ደካማ ነበር። ኩባንያውም በ1974 ሥራውን አቆመ።

በዚህ ስፍራ ጥቂት ቆም ማለት ይገባናል። ማግኒዥየም ኋላ በሌሎች እጅ ደጁን የከፈተው ያው ንጥረ ነገር ነው። ቁልፉ በእጃቸው ነበረ፤ ግን በቁልፉ ቀዳዳ ውስጥ የተወተፈ ነገር እንዳለ አላወቁም። ይህን ስናነብ አዘንን፤ ስለ ምን ተዉት? የሚለውም ጥያቄ ከአእምሮአችን አልጠፋ አለ።

ብዙዎችን ያስመለሱ ዕንቅፋቶች ሁለት ነበሩ። የመጀመሪያው፣ ክሪስታሉን የሚያሳድጉበት ከራሱ ዘር የሆነ መሠረት አለመኖሩ ነው። ሰንፔር ሙቀት ስለሚችል መረጡት፤ ነገር ግን የሁለቱ አቶሞች አሰላለፍ አይገጥምም። በሰፊ ጡብ መሠረት ላይ በጠባብ ጡብ ግንብ ቢሠራ እንደሚጣመም ሁሉ፣ ክሪስታሉ ይደፈርስና ይሰነጠቅ ነበር። ሁለተኛው፣ ኤሌክትሮን የሚተርፍበትን ወገን መሥራት ሲቻል፣ ኤሌክትሮን የሚጎድልበትን ወገን መሥራት አለመቻሉ ነው። አንዳንድ ሊቃውንት እንዲያውም ይህ በተፈጥሮ አይቻልም ወደ ማለት ደረሱ።

በዚያ ዘመን በጃፓን ኢሳሙ አካሳኪ የተባለ ተመራማሪ ከዚህ ክሪስታል አልተለየም። በ1929 በካጎሺማ አውራጃ የተወለደው አካሳኪ በአንድ የኩባንያ ምርምር ቤት ሲሠራ ቆይቶ በ1981 ወደ ናጎያ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ሥራውን በጉባኤ ፊት ቢያቀርብ ጥያቄ እንኳ የጠየቀው ሰው አልነበረም። እርሱም ምድረ በዳን ለብቻው እንደሚያቋርጥ ሰው ሆኖ እንደ ተሰማው ኋላ ተናግሯል። በ1982 ሂሮሺ አማኖ የሚባል ተማሪ ከእርሱ ዘንድ ገባ። ዕድሜው ከእኛ ብዙ የማይበልጥ ወጣት ነበረ። ገንዘብ ስለ ጎደላቸው የማሳደጊያውን መሣሪያ በገዛ እጃቸው ገጣጠሙ። አማኖ በበዓልም በአዘቦትም ሲሠራ ከ1,500 የሚበልጥ ሙከራ አደረገ፤ ሁሉም ደፈረሰበት።

በ1985 አንድ ቀን ምድጃው ተበላሽቶ እንደ ልማዱ አልሞቅ አለው። አማኖ ግን ምድጃውን ዘግቶ ወደ ቤቱ አልሄደም። ሙቀቱ ዝቅ ባለበት ጊዜ በሰንፔሩ ላይ በመጀመሪያ ስስ የአሉሚኒየም ናይትራይድ ድርብ ቢያነጥፍስ ብሎ ዐሰበ፤ ከዚያ በኋላ ምድጃው ሲግል ጋሊየም ናይትራይዱን በላዩ አሳደገ። እርሱ ራሱ እንደ ተረከው፣ ያወጣው ነገር ጥርት ያለ ከመሆኑ የተነሣ የጋሊየሙን ጋዝ ማስገባት የረሳ መስሎት ነበር። በማጉያ መነጽር ሲያየው ግን ያልደፈረሰ ክሪስታል ሆኖ አገኘው። ያ ስስ ድርብ በማይገጥሙት በሁለቱ መካከል እንደ ሽማግሌ ገብቶ አስታርቋቸዋል ማለት ይቻላል። ውጤቱም በ1986 ታትሞ ወጣ።

ሁለተኛውም ዕንቅፋት በዚያው ቤት ተነቀነቀ። አማኖ ክሪስታሉን በኤሌክትሮን ማጉያ መነጽር ሲመረምር፣ ጨረሩ ያረፈበት ስፍራ ይበልጥ ሲያበራ አስተዋለ። በ1989 እርሱና መምህሩ ማግኒዥየም የተጨመረበትን ክሪስታል በኤሌክትሮን ጨረር መትተው፣ አይቻልም የተባለውን ወገን ሠሩት። ይሁን እንጂ ጨረሩ ስለ ምን እንዲህ እንዳደረገ ገና ግልጥ አልነበረም።

ምክንያቱን የገለጠው ሹጂ ናካሙራ ነው። ናካሙራ በ1954 በኤሂሜ አውራጃ ተወልዶ በቶኩሺማ ዩኒቨርሲቲ ከተማረ በኋላ፣ በ1979 በአናን ከተማ ኒቺያ በተባለ ኩባንያ ተቀጠረ። ኩባንያው ብርሃን የሚያንጸባርቁ ዱቄቶችን የሚሠራ፣ በገጠር አውራጃ የሚገኝ ነበር። በ1988 ናካሙራ ወደ መሥራቹ ወደ ኖቡኦ ኦጋዋ ሄዶ ሰማያዊውን ብርሃን ልሥራ አለው፤ ኦጋዋም ብዙ ገንዘብ ፈቀደለት፣ አንድ ዓመትም ፍሎሪዳ ሄዶ እንዲማር አደረገው። በዚያን ጊዜ ታላላቆቹ ኩባንያዎች ሁሉ በዚንክ ሴሌናይድ ላይ ነበሩ። ናካሙራ ከእነርሱ ጋር ቢሽቀዳደም እንደሚሸነፍ ስላወቀ፣ ሰው የሸሸውን መረጠ። የዶክትርና ማዕርግ ለማግኘትም ሰው ብዙ ያልጻፈበት ነገር ያስፈልገው ነበር። እርሱ እንደ ተናገረው፣ የኩባንያው አዲስ አስተዳደር ሥራውን ተው ቢለውም አልተወም።

ጧት የማሳደጊያውን መሣሪያ ይፈታል፣ ያበጃል፤ ከሰዓት በኋላ ይሞክራል። በ1990 አንዱ ጋዝ በጎን ሲፈስ ሌላው ከላይ እየተጫነ ክሪስታሉ ላይ የሚያሳርፍበትን መሣሪያ ሠራ። በ1992 ደግሞ ጨረር ሳያስፈልግ፣ ክሪስታሉን በናይትሮጅን ጋዝ ውስጥ ከ700 ዲግሪ በላይ ማሞቅ ብቻ እንደሚበቃ አሳየ። ምሥጢሩም ተገለጠ፤ ክሪስታሉ በአሞንያ ውስጥ ሲያድግ ሃይድሮጅን እየገባ ከማግኒዥየሙ ጋር ይጣበቅና ሥራ ያስፈታው ነበር። ሙቀቱ ሃይድሮጅኑን ሲያባርረው ማግኒዥየሙ ነፃ ይወጣል። በቁልፉ ቀዳዳ የተወተፈው ነገር ይህ ነበረ። በኅዳር 1993 ኩባንያው ከ1 ካንዴላ የሚበልጥ ብርሃን ያለውን ሰማያዊ ኤል ኢ ዲ ለዓለም አስታወቀ። በ1996 ሰማያዊው ላይ ቢጫ የሚያንጸባርቅ ዱቄት ተቀብቶ ነጭ መብራት ወጣ። መምህራችን በካቻቪቴ ፈትተው ያሳዩን ቢጫ ነጥብ እንግዲህ ይኸው ነው።

የክሪስታሉ ጥቅም በብርሃን ብቻ አልቀረም። በ1993 በአሜሪካ አሲፍ ካንና ባልደረቦቹ ጋሊየም ናይትራይድን ከአሉሚኒየም ጋር ከተቀላቀለ ዘመዱ ጋር አጋጥመው፣ ኤሌክትሮኖች በመጋጠሚያው ላይ እንደ ልብ የሚሮጡበት ትራንዚስተር ሠሩ። ትራንዚስተር በኤሌክትሪክ መንገድ ላይ እንደ መስኖ ውሃ በር ነው፤ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ጋሊየም ናይትራይድ ሳይበጠስ የሚሸከመው የኤሌክትሪክ ግፊት ከሲሊኮን 10 እጥፍ ያህል ስለ ሆነ በሩን ስስ አድርጎ መሥራት ይቻላል። ስስ በር ቶሎ ይከፈታል፣ ቶሎ ይዘጋል፣ በመሐሉም በሙቀት የሚባክነው ኀይል ያንሳል። በርም በፈጠነ መጠን በዙሪያው ያሉት የሽቦ ጥምዝሞችና ሌሎች ክፍሎች ያንሳሉ። ስለዚህ ነው አዲሶቹ የስልክና የኮምፒዩተር ቻርጀሮች በመጠን አንሰው ኀይላቸው የበዛው። በ2014 ጉግል ከአንድ የመሐንዲሶች ማኅበር ጋር ሆኖ፣ 2,000 ዋት የሚችል የኤሌክትሪክ መለወጫ ከ40 ኪዩቢክ ኢንች ሳይበልጥ ለሠራ 1 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት አቀረበ። በ2016 ያሸነፈው የቤልጅግ ቡድን መለወጫውን በጋሊየም ናይትራይድ ትራንዚስተሮች ሠርቶ ከ15 ኪዩቢክ ኢንች በታች አደረሰው።

በ2014 አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ። ሸላሚዎቹ በዚያ ዓመት ባወጡት መግለጫ፣ ከዓለም ኤሌክትሪክ አንድ አራተኛ ያህሉ ለመብራት እንደሚውል ገለጡ። አሮጌው አምፑል በ1 ዋት 16 ሉመን ያህል ብርሃን ሲሰጥ፣ ከሁሉ የላቀው ኤል ኢ ዲ ወደ 300 መድረሱንም ጻፉ። ከዚህም ጋር የኤሌክትሪክ መስመር ያልደረሰላቸውን ከ1.5 ቢሊዮን የሚበልጡ ሰዎች አስታወሱ። መብራቱ ጥቂት ኀይል ብቻ ስለሚፈልግ ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ ይበቃዋል። የጓደኛችን እናት ኩራዛቸውን የጣሉት በዚህ ምክንያት ነው።

የክብርና የገንዘብ ክፍያ ነገር ግን ያለ ክርክር አላለፈም። ናካሙራ ለፈጠራው ከኩባንያው የተሰጠው ጉርሻ 20,000 የን ብቻ ነው ብሎ በ2001 ከሰሰ። በጥር 2004 የቶኪዮ ፍርድ ቤት 20 ቢሊዮን የን እንዲከፈለው ፈረደ፤ ይግባኝ ተብሎ በጥር 2005 ወደ 840 ሚሊዮን የን ገደማ በሆነ ክፍያ ታረቁ። በዚህ ነገር በክፍላችን ብርቱ ክርክር ተደርጎ ነበር። ከፊላችን፣ «ሥራው የእርሱ ነው፤ ሊከፈለው ይገባል» አልን። ከፊላችን ደግሞ፣ «ማንም ባላመነበት ጊዜ ገንዘቡን የሰጠው ኦጋዋስ? መንገዱን የጠረጉት አካሳኪና አማኖስ? በ1972 ማግኒዥየሙን የሞከረው ማሩስካስ?» አልን። አንዳችንም ሌላውን አላሸነፍንም። ነገር ግን አንድ ነገር ሁላችንን አስማማን፤ ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ቢጎድል ሰንሰለቱ ይበጠስ ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። አንዳንዶቹ ስለ ምን ተዉት? ሌሎቹስ ስለ ምን አልተዉትም? በመጀመሪያ መልሱ ጽናት ብቻ መስሎን ነበር። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ጽፈን ልንጨርስ ነበር። ነገር ግን በዚንክ ሴሌናይድ ላይ የደከሙትም ጽናት አልጎደላቸውም፤ በ1991 ከእርሱ ሰማያዊ አረንጓዴ ጨረር እስከ ማውጣት ደርሰው ነበር። ሆኖም ያ ክሪስታል ለስላሳ ስለ ነበረ ውስጣዊ ጉድለቱ እየበዛ ቶሎ ይሞት ነበር። አካሳኪ ጋሊየም ናይትራይድን ሲመርጥ ግን ቢያስቸግርም ጠንካራ መሆኑን አይቶ ነው። ስለዚህ ጽናት ምክንያት ያስፈልገዋል፤ ያለ ምክንያት የጸና ሰው ግትር ይባላል። ከምክንያትም ጋር የሚታገሥ መምህር ወይም አሠሪ ያስፈልጋል። የአር ሲ ኤ ወጣቶች ዕውቀትም ትጋትም ነበራቸው፤ ያጡት ጊዜ ነበር።

ክቡራን ወላጆቻችንና መምህሮቻችን ሆይ፣ በዚህ ዓመት የመጨረሻውን ፈተና ተፈትነን ከእናንተ እንለያለን። ከመካከላችን አንዳንዱ ውጤቱ በቶሎ የማይታይ ሙያ ይመርጥ ይሆናል። ያን ጊዜ «ምን አገኘህ? ምን አገኘሽ?» ከማለታችሁ በፊት፣ 1,500 ጊዜ የደፈረሰበትን ያን ተማሪና ያላባረረውን መምህር እንድታስቡልን በትሕትና እንለምናለን።

እናንተም በታች ክፍል ያላችሁ ታናናሾቻችን፣ የላቦራቶሪያችን ምድጃ አርጅቷል፤ አንዳንድ ቀን አልሞቅ ይላል። እንዲህ ባለ ቀን ቶሎ ዘግታችሁ አትሂዱ። በዝቅተኛው ሙቀት ምን ሊሠራ እንደሚችል መምህራችንን ጠይቋቸው፤ እርሳቸውም እንደ ልማዳቸው መልሱን ራሳችሁ ፈልጋችሁ እንድታመጡ ያዟችኋል።